ጎጆ ጠባቂው

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መካኒኩ አሮጌ ቶዮታውን መምህሩ ከሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት አቆመና፣ ጡሩንባ ሳይነፋ፣ መብራቱን ብቻ ሁለት ጊዜ አብርቶ አጠፋ። መምህሩ ቀድመው ወርደው ደረጃው ሥር ይጠብቁ ነበር። የማጥመጃ ዘንጋቸውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። በሌላው እጃቸው የሻይ ፔርሙዝና በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ይዘዋል። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ሃያ ዓመት የተዋወቁ ሰዎች በዚያ ሰዓት ብዙ አይነጋገሩም።

መምህሩ በአዲስ አበባ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ወደ ናይሮቢ የመጡ፣ እዚህም ጠመኔ ሳይለዩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዓሣ ማጥመድ የጀመሩት ባለቤታቸው ካረፉና ቤቱ ጸጥ ካለባቸው በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ወርደዋል። ከመዳፍ የማይበልጡ ቆሮሶዎች ይዘው ያውቃሉ፤ ባስ የሚባለውን፣ ለስፖርት የሚጠመደውን ትልቁን ዓሣ ግን አንድም ቀን ከውኃ አላወጡም። ማታ ማታ የአገር ልጅ በሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ገና ከበር ሲገቡ የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «መምህር፣ ዓሣው የት አለ?» እሳቸውም አብረው ይሥቃሉ። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት የተሣቀበት ሰው ሣቁ ውስጥ ትንሽ ነገር መቅረቱ አይቀርም። በዚያ ላይ በሰኔ ወር ቶሮንቶ ወደምትኖረው ልጃቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ነበር፤ የቀራቸው ቅዳሜ በጣት የሚቆጠር ነው።

መካኒኩ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የፎገራ ሰው ነው። በወጣትነቱ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገብቶ፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲደፋ ኖሮ፣ ኋላ የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። መኪና የሚነዳው እሱ፣ ጀልባ ላይም ሲያስፈልግ የሚቀዝፈው እሱ ነው። ዘንግ ግን ይዞ አያውቅም። «አንድ ጊዜ እንኳ ሞክር እንጂ» ሲሉት «እርስዎ ይያዙ፣ እኔ አያለሁ» ይላል። መምህሩ ነገሩ አሰልችቶት ይመስላቸው ነበር።

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በታችኛው መንገድ የስምጥ ሸለቆውን ገደል እየታከከ የሚወርድ ሰው አንዲት በጣም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1942 መንገዱን ይሠሩ የነበሩ የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ያነጿት ናት፤ ከእነዚያም ምርኮኞች ብዙዎቹ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ነበሩ። መምህሩ እዚያ በደረሱ ቁጥር ይህንኑ ይናገራሉ፤ መካኒኩም በደረሱ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰማል። ገደሉ ሥር ያለችው ከተማ ማይ ማሂዩ ትባላለች፤ በኪኩዩ ቋንቋ ትኩስ ውኃ ማለት ነው። ግዕዝም ትግርኛም ውኃን «ማይ» ይላሉ። የአጋጣሚ ነገር ይሁን እንጂ፣ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ቃል መንገድ ላይ ሲያገኝ የዘመድ ቤት ያየ ያህል ደስ ይለዋል።

ጀልባ ነጂው «አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንዳትመጡ» ብሎ በስልክ ነግሯቸው ነበር። የስዋሂሊ ሰዓትም እንደ አበሻ ሰዓት ከማለዳ ስለሚቆጠር ትርጉም አላስፈለገውም። ምክንያቱ ጉማሬ ነው። ጉማሬዎች ሌሊቱን የብስ ላይ ሲግጡ አድረው ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳሉ፤ በዚያ ሰዓት በጉማሬና በሐይቁ መካከል የተገኘ ሰው ዕድሉ የከፋ ነው። የካራጊታ አጥማጆች ጓደኛ ያጡበትን ሥፍራ በጣት እያመለከቱ ያሳያሉ። ስለዚህ ሁለቱ ወዳጆች መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሻያቸውን እየጠጡ ብርሃን ጠበቁ።

ፀሐይ ስትወጣ የታየው ሐይቅ መምህሩ መጀመሪያ የሚያውቁት አልነበረም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ናይቫሻ ሞልቶ ዳርቻውን ውጧል። ቢጫ ግንድ ያላቸው ግራሮች ቆመው ውኃ ውስጥ ደርቀዋል፤ ቅርንጫፎቻቸው ላይ ሳቢሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በደንገሉ ጥግ ደግሞ እምቦጭ ተኝቷል። ጣና ላይ ይህ አረም የታየው ዘግይቶ ነው፤ ናይቫሻ ግን ከ1988 ጀምሮ ያውቀዋል። መካኒኩ ደንገሉንና እምቦጩን አንድ ላይ ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ደንገል ለእርሱ ታንኳ ነው፤ የልጅነት ጀልባ።

ስለ ባስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አፉ ሰፊ፣ ጀርባው የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ይህ ዓሣ ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ ነው። ናይቫሻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ ያመጡትም ሐይቁ ዳር እርሻ የያዙት ነጮች ለመዝናኛ እንዲያጠምዱት ነበር። ከዚያ በፊት ሐይቁ የራሱ የሆነ አንድ ዓሣ ብቻ ነበረው፤ ጣት የማታህል ትንሽ ፍጥረት። እርሷ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1962 ሲሆን፣ ለመጥፋቷም በዋናነት የሚወቀሰው ባስ ነው። ዛሬ ናይቫሻ ውስጥ የሚዋኘው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፦ ቆሮሶው ከሌሎች የአፍሪካ ውኆች፣ እንደ ሸርጣን መቆንጠጫ ያለው ቀዩ ክሬይፊሽ በ1970 ከአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ካርፕ ደግሞ በ2001 በወንዝ ተንሸራቶ። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ ስለሆነ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ባስ ደግሞ በዓይኑ አይቶ የሚያድን ነው። ስለዚህ ባስ ፈላጊ ሰው ጠጠርና ድንጋይ ወዳለበት ይሄዳል።

ጀልባ ነጂው የወሰዳቸው ወደ ጨረቃ ደሴት ነው። ደሴት ይባል እንጂ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ከየብሱ ጋር የሚገናኝ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ መሬት። ቀጭኔዎች ጫፉ ላይ ቆመው ጀልባዋን ተመለከቱ። የሚከለለው ወገን ላይ ሲደርሱ ነጂው ሞተሩን አጠፋ፣ መካኒኩ መቅዘፊያውን አነሣ፣ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከሰኞ ጀምረው ጎጆ ላይ ናቸው» አለ ነጂው በስዋሂሊ፣ በጣቱ ወደ ታች እያመለከተ። «ምዜ፣ ያንን ነጭ ነገር ይመልከቱ።»

ከጀልባዋ ጥቂት ክንድ ራቅ ብሎ፣ ወገብ በሚያህል ውኃ ሥር፣ እንደ ምጣድ የከበበ የነጣ ሥፍራ ይታይ ነበር። ዙሪያው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ እሱ ግን ተጠርጎ ጠጠሩ ፍንትው ብሏል። የባስ ጎጆ ይህ ነው። ወንዱ በጅራቱ ደጋግሞ እየጠረገ ያዘጋጀዋል። ሴቷ መጥታ በሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ጠጠሩ ላይ ታጣብቅና ትሄዳለች፤ የእርሷ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የአባትየው ነው። ሦስት አራት ቀን ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል፣ ከዚያም ጫጩቶቹ እንደ ጥቁር ደመና ተሰብስበው መዋኘት ሲጀምሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ ከቦታው አይርቅም። በክንፎቹ ውኃውን ያራግባል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። በእነዚያ ቀናት የሚበላው በጣም ጥቂት ነው።

ወንዱ እዚያው ነበር። መጀመሪያ ጥላ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ጥላው ዞረ።

እዚህ ላይ ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሌላ ጊዜ ባስን ለመያዝ ትዕግሥትም ዕውቀትም ይጠይቃል፤ ጎጆ ላይ ያለውን ለመያዝ ግን ምንም አይጠይቅም። መንጠቆውን ጎጆው መሃል መጣል ነው። ዓሣው የሚያነሣው ርቦት አይደለም፤ ከዕንቁላሉ ላይ ሊያስወግደው ነው። በአፉ አንሥቶ ወደ ውጭ ሊጥለው ሲል ይያዛል። ይህን መምህሩ አሳምረው ያውቁ ነበር። ወደ ቶሮንቶ የመሄዳቸው ነገር ከተቆረጠ ወዲህ የኦንታሪዮን የማጥመጃ ደንብ እንደ ፈተና አጥንተውታል፤ እዚያ የባስ ወቅት በፀደይ ተዘግቶ እስከ ሰኔ እኩሌታ የሚቆይባቸው ሐይቆች ብዙ እንደሆኑና ምክንያቱም ይኸው ጎጆ እንደሆነ ለመካኒኩ ራሳቸው በመንገድ ላይ አጫውተውታል። «እዚያ ብሆን ይቀጡኝ ነበር» ብለው ሥቀዋል።

መምህሩ የፕላስቲክ ትሉን መንጠቆው ላይ ሰኩና ወረወሩ። ትሉ ጎጆው ላይ ዐረፈ። ዓሣው ቀረበ፣ አየው፣ በከንፈሩ ያዘውና አንድ ክንድ ያህል ወስዶ ተፋው። መምህሩ ለመሳብ ዘገዩ። ሁለተኛ ወረወሩ፤ እንደገና አንሥቶ ጣለው። በሦስተኛው ዘንጉ ጎበጠ።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። ዓሣው አንድ ጊዜ ከውኃ ወጥቶ ራሱን አራገፈ፣ ወደ ድንጋዩ ሮጠ፣ ክሩ ጮኸ፣ ነጂው በስዋሂሊ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ጮኸ፣ መምህሩ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ በማይለይ ድምፅ ጸሎትም ስድብም የሚመስል ነገር ተናገሩ። በመጨረሻ የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ጨብጠው አነሡት። አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው፤ ናይቫሻ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ባስ ወጥቶበታል። ለእሳቸው ግን የስድስት ዓመት ዓሣ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አየኸው? አየኸው?» አሉ።

መካኒኩ ዓሣውን አላየም። ወደ ጎጆው ነበር የሚያየው። ነጣ ካለው ክብ ላይ አባትየው ከተነሣ ገና ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሆነውም፤ ቆሮሶዎች፣ ከጣት የማይረዝሙ ትንንሾች፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ በአንድ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ሁለት። ቀጥሎ ሰባት። ጭንቅላታቸውን ወደ ጠጠሩ ደፍተው መልቀም ጀመሩ።

«መምህር፣ ይመልሱት» አለ።

መምህሩ የሰሙት አልመሰላቸውም። ዓሣውን ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አድርገው ስልካቸውን ከኪሳቸው ይፈልጉ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ ሰው አንድ ነገር አድርጉልኝ ብሏቸው አያውቅም።

«ምን አልክ?»

«ይመልሱት፤ ጎጆው እየተበላ ነው።»

መምህሩ ቀና አሉ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፣ ያከፋውም እውነት መሆኑ ነው። ዛሬ ማታ ይህን ዓሣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንደሚፈልጉ፣ ጊዜ እንዳልቀራቸው፣ ሐይቁ ለማንም ብሎ እንዳላዘነ ተናገሩ። ድምፃቸው እየጠነከረ ሄደ። «ደግሞስ ለማን ነው የምታዝነው? ይህ እኮ የዚህ አገር ዓሣ አይደለም! መጤ ነው። የሐይቁን ልጅ በልቶ ጨርሶ በቦታዋ የተደላደለ መጤ!»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ጀልባዋ ላይ ቆመ። አማርኛ የማያውቀው ነጂ እንኳ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየ ዝም አለ። ሁለቱም ናይሮቢ ውስጥ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰልፍ ላይም፣ የቤት ኪራይ ሲጨምርም፣ ይህንኑ ቃል በሌላ ቋንቋ የሰሙበት ቀን አለ። በአገራቸውም ቃሉ የቱን ያህል ሰው እንዳፈናቀለ ያውቃሉ። መምህሩ ስልካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

መካኒኩ አልተቆጣም። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከጎጆው ሳያነሣ፣ ስለ ጉማራ ወንዝ ይናገር ጀመር። ታሪኩ ረጅም አልነበረም። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ ዝርያቸው ከአሥራ አምስት የማያንስ፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅ በቀር የማይገኙ ዓሣዎች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲበረታ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ዕንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ከሐይቁ ወደ ወንዙ ለመግባት ግን በአንድ በር ማለፍ አለባቸው፤ በወንዙ አፍ። የድሮ ሰው ብርብራ ወቅጦ ውኃ ላይ እየበተነ ዓሣውን አደንዝዞ ይይዝ ነበር፤ ያም ጉዳት ነበረው። የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከመጡ በኋላ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ።

«አባቴ አንድ መስከረም ላይ መረቡን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋው» አለ። «እኔም አብሬው ነበርኩ። ማታ ዘርግተን ጧት ስናነሣ ሁለት ሰው አያነሣውም። እናቴ ሆዳቸውን ስትቀድ ዕንቁላሉ እንደ ማሽላ ይፈስሳል። ገበታ ሙላ! የሚገዛው የለም፤ ውሻ በላው፣ የቀረው ሸተተ። ‹ወንዙ የእግዜር ጎተራ ነው፤ አይጎድልም› ይል ነበር አባቴ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ አደረግን። ከዚያ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ። ሞያሌ ያደረሰኝ፣ ናይሮቢ ያስገባኝ የዚያ መስከረም ገንዘብ ነው።»

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አሁን አጎቴ ስልክ ሲደውል መረቡ ባዶውን ይመጣል ይለኛል። እኔ ምን እለዋለሁ?» አለ።

እዚህ ላይ መካኒኩ ያልተናገረውን መጨመር ይገባል። በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በጣና ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ክትትል፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ በዋናነት የከሰሱት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ነው። ድርሻው የአንድ አባትና የአንድ ልጅ አይደለም፤ በየወንዙ አፍ ብዙ አባትና ብዙ ልጅ ነበር፣ ሁሉም የሚበላ ይፈልግ ነበር። መካኒኩም ይህን ያውቃል። ማወቁ ግን አላሳረፈውም።

መምህሩ ባልዲውን ተመለከቱ። ዓሣው በጎኑ ሊጋደም እየዳዳው ነበር። ወሬው ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ሲያስቡ ደነገጡ። ዕድሜ ልካቸውን ደቂቃ እየቆጠሩ ደወል የሚጠብቁ ሰው፣ ይህን ሳይቆጥሩ ቀሩ። ሁለት እጃቸውን ባልዲው ውስጥ አስገብተው አወጡትና፣ ከጀልባዋ ጎን ተንበርክከው ውኃው ውስጥ ደግፈው ያዙት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አላንቀሳቀሱትም፤ ዝም ብለው አፉ መክፈትና መዝጋት እስኪጀምር ጠበቁ። ከዚያ ጅራቱ አንድ ጊዜ መዳፋቸውን መታና ሄደ።

ወደ ጎጆው ግን አልሄደም። ወደ ጥልቁ፣ ውኃው ወደ ጠቆረበት፣ ሰጥሞ ጠፋ።

«ይመለሳል?» ሲሉ ነጂውን ጠየቁት።

«አንዳንዱ ይመለሳል» አለ ነጂው። «አንዳንዱ ደክሞት ይተወዋል።» በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይሉም፤ ወንዱ ከጎጆው የራቀበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚተርፈው ዕንቁላል ያንሳል፣ የሚተወውም አባት ይበዛል። ነጂው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም።

በዚህ መካከል መካኒኩ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ነበር። መቅዘፊያውን በረጅሙ ዘርግቶ ጎጆው ላይ አደረሰና በዝግታ፣ ጠጠሩን ሳይነካ፣ ውኃውን ያራግብ ጀመር። ቆሮሶዎቹ ተበተኑ። ትንሽ ቆይተው ሲመለሱ እንደገና አራገበ። አንድ ክሬይፊሽ ከጭቃው በኩል መቆንጠጫዎቹን አንሥቶ ሲመጣ በመቅዘፊያው ጫፍ ገፍቶ መለሰው። መምህሩ መጀመሪያ ሊሥቁ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ጣቱን የሞተር ቀበቶ የበላው ሰው፣ የሰው አገር ሐይቅ ላይ ቆሞ የዓሣ ዕንቁላል ይጠብቃል። ሣቁ ግን አልመጣላቸውም። ዘንጋቸውን አጣጥፈው በነጠላው ጠቀለሉና ሁለተኛውን መቅዘፊያ አነሡ።

እንደዚያ ሆነው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ነጂው የጠፋው ጊዜ ተጨማሪ እንደሚያስከፍል በትሕትና አስታወሰ፤ መምህሩ እሺ አሉት። ዓሣ በል ንስር ከግራሩ ላይ ጮኸ። አንድ ጊዜ መካኒኩ «ያ!» አለ፤ ከድንጋዩ ወዲያ ጥላ የሚመስል ነገር አይቶ ነበር። ጥላው ቀረበ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ። ይኸው ዓሣ ይሁን ሌላ ማንም ሊለየው አልቻለም። መምህሩ «ጀልባዋን ፈርቶ ነው፤ ትንሽ ራቅ እንበል» አሉ። ራቅ ቢሉ ደግሞ ቆሮሶዎቹን የሚያባርር አይኖርም። ሁለቱም ይህን ያውቁ ስለነበር ለአፍታ ተያዩ። በመጨረሻ መካኒኩ መቅዘፊያውን ሰበሰበ፣ ነጂውም ጀልባዋን ሃያ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ገፋት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ናይቫሻ እንዲህ ነው፤ ጧት እንደ መስታወት የነበረው ውኃ ፀሐይ ከፍ ስትል ይነሣል። ሞገዱ ሲጀምር ነጣ ያለው ክብ መጀመሪያ ተሰባበረ፣ ቀጥሎ ከሌላው ጋር ተደባለቀ፣ በኋላም የቱ ጋር እንደነበረ እንኳ ለማመልከት አስቸገረ። ነጂው ሞተሩን አስነሣ።

ካራጊታ ሲደርሱ አጥማጆቹ የዕለቱን ካርፕ ሚዛን ላይ ያወጡ ነበር። መምህሩ ትልቅ መርጠው ገዙ። የሁዳዴ ጾም ስለነበር፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር በመንገዱ ላይ ትንሽ ተነሣ፤ መካኒኩ እንደማይበላ፣ መምህሩ እንደሚበሉ እንደ ወትሮው ተስማሙና ዝም አሉ። ገደሉን ሲወጡ ዝናብ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ መምህሩ ስለ ምርኮኞቹ ምንም አልተናገሩም። መካኒኩ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ራሱ «በ1942 ነው አይደል ያሉኝ?» አለ።

«በ42» አሉ መምህሩ።

ማታ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። መምህሩ ገና ከበሩ ሲገቡ ከጥጉ ጠረጴዛ የተለመደው ድምፅ ተነሣ፦ «መምህር፣ ዓሣው የት አለ?»

መምህሩ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። በአውራ ጣታቸው ላይ የባሱ ጥርስ ፍቆት የሄደው ትንሽ ቀይ ምልክት ይታይ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

«ሥራ ላይ ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። መካኒኩ ውኃ በጆግ ይዞ መጣና እጃቸውን እንዲታጠቡ ያፈስስላቸው ጀመር።